የተባዙ የጀሶ ቅርጻ ቅርጾች፦ ስለ ምዘናቸውና ስለ አጠባበቃቸው

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



በፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ታያላችሁ። ምን እንደ ሆነ በንግግሬ ፍጻሜ አካባቢ እገልጠዋለሁ። እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ከጨርቁ በታች ያለው የጀሶ ቅርጽ የተበላሸው በእኔ እጅ ነው። የዛሬውን ርእስ የመረጥሁትም ከሌላ ምክንያት ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቅርስ ስንናገር ብዙውን ጊዜ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ነገር እንናገራለን፤ ስለ አንድ ብራና፣ ስለ አንድ ሐውልት፣ ስለ አንድ ሥዕል። ዛሬ የምናገረው ግን በሺህ እየተባዙ ስለ ተሸጡ፣ በተራ ሰዎች ሳሎን ስለ ቆሙ፣ ፋሽናቸው ሲያልፍ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳም ወደ ቆሻሻ መጣያ ስለ ሄዱ ቅርጾች ነው። ንግግሬ ሦስት ክፍሎች አሉት። መጀመሪያ ጀሶ ምን እንደ ሆነና እነዚህ ቅርጾች ከየት እንደ መጡ አወሳለሁ። ቀጥሎ አንድ መዛኝ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብለት ምን ሊጠይቅ እንደሚገባው አስረዳለሁ። በመጨረሻም ስለ አጠባበቁ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉና ነገሩ

ጀሶ የሚለው ቃላችን ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሰፊ ማረፊያ አግኝቷል፤ የተሰበረ እግር የሚታሰርበትም ጀሶ ነው፣ የጣሪያ ጌጥም ጀሶ ነው፣ የሥነ ጥበብ ተማሪ መሳል የሚለማመድበት ራስ ቅርጽም ጀሶ ነው። ማዕድኑ ራሱም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ የዓባይን በረሃ ሲወርድ በገደሉ ላይ ከሚታዩት የድንጋይ ንብርብሮች መካከል ጂፕሰም ይገኝበታል።

ጂፕሰም በውስጡ ውኃ ያሰረ የካልሲየም ሰልፌት ድንጋይ ነው። ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ካሰረው ውኃ ሦስት አራተኛ ያህሉ ይተናል። የሚቀረው ሲፈጭ በልማድ «የፓሪስ ጀሶ» የሚባለው ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ስያሜው በፓሪስ ከተማ ሞንማርትር በተባለው ኮረብታ ከነበሩት የጂፕሰም ማውጫዎች ጋር የተያያዘ ነው። ዱቄቱ በውኃ ሲበጠበጥ ያጣውን ውኃ መልሶ ይወስዳል፣ ይሞቃል፣ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ መርፌ መሰል ክሪስታሎችን እየሠራ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ሲጠነክርም በጥቂቱ ይሰፋል። ይህች ጥቂት መስፋት ለአባዢው ትልቅ ስጦታ ናት፤ ጀሶው በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ወዳለው እያንዳንዱ ስንጥቅ ይገባና የዐይን ሽፋሽፍትንና የልብስ እጥፋትን ሳይቀር ይቀዳል።

ይሁንና ሁለት ባሕርያቱን ከአሁኑ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። አንደኛ፣ ለመበጥበጥ የሚገባው ውኃ ለመጠንከር ከሚያስፈልገው ስለሚበልጥ፣ ትርፉ ሲተን በጀሶው ውስጥ ለዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎችን ይተዋል። ስለዚህ ጀሶ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ሁለተኛ፣ ጀሶ በውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ አንድ ሊትር ውኃ ከሁለት ግራም በላይ ጂፕሰም ሊያሟሟ ይችላል። መጠኑ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ፊት ገጽታ፣ የአንድ ከንፈር መስመር፣ በዚያች ትንሽ መጠን ውስጥ ያለ ነው።

ከሉካ መንደሮች እስከ ኒውዮርክ

በጣልያን በቶስካና ግዛት፣ በሰርኪዮ ወንዝ ሸለቆ፣ ባርጋና ባኒ ዲ ሉካ በሚባሉት ከተሞች አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የጀሶ ቅርጽ አዘጋጅተው በመሸጥ ይታወቁ ነበር። በጣልያንኛ ፊጉሪናይ ይባላሉ፤ ምስል ሠሪዎች እንደ ማለት ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በትናንሽ ቡድን ሆነው፣ ቅርጽ ማውጫቸውን ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ በኋላም ወደ አሜሪካ ይጓዙ ነበር። በደረሱበት ከተማ ጀሶ ገዝተው ያባዛሉ፤ ወጣቶቹም ቅርጾቹን በጣውላ ላይ ደርድረው በራሳቸው ተሸክመው በየመንገዱ ይሸጣሉ። የናፖሊዮን ራስ፣ የእመቤታችን ምስል፣ ድመትና በቀቀን ከአንድ ጣውላ ላይ ይሸጡ ነበር። በዚያው ሸለቆ በኮሬሊያ አንተልሚኔሊ ከተማ ዛሬ ለእነዚህ ምስሎችና ለስደቱ ታሪክ የቆመ ሙዚየም አለ። የጀሶና የስደት ታሪክ በአንድ ቤት መቀመጣቸው ትክክል ይመስለኛል።

ከእነዚህ ስደተኞች አንዳንዶቹ ትልቅ ደረጃ ደርሰዋል። ዶሜኒኮ ብሩቺያኒ በለንደን የጀሶ አባዢነት ሥራውን አስፋፍቶ ለሙዚየሞችና ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የጥንታዊ ሐውልቶችን ቅጂ ያቀርብ ነበር። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ደግሞ የካፕሮኒ ወንድማማቾች ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። ከዚህ በታች፣ በዝቅተኛው የገበያ ደረጃ፣ አሜሪካውያን በልማድ የጠመኔ ዕቃ የሚሏቸው ነበሩ፤ ውስጣቸው ክፍት፣ ግድግዳቸው ስስ፣ በውኃ ቀለም የተቀቡ አጋዘኖች፣ ድመቶችና የፍራፍሬ ቅርጫቶች። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽም በየአውደ ርእዩ ዒላማ ለመታ ሰው የሚሰጡት የጀሶ አሻንጉሊቶች መጡ።

ለዛሬው ንግግሬ ዋና ምሳሌ ያደረግሁት ግን ጆን ሮጀርስን ነው። ሮጀርስ በ1829 በማሳቹሴትስ ግዛት በሴለም ከተማ የተወለደ፣ በማሽን ሠራተኛነት ኑሮውን የጀመረ አሜሪካዊ ነበር። ለአጭር ጊዜ በፓሪስና በሮም ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1859 በኒውዮርክ ተቀመጠ። የመረጠው መንገድ ከዘመኑ ቀራጮች የተለየ ነበር። እብነ በረድን ትቶ ጀሶን፣ የግሪክን አማልክት ትቶ ገበሬውን፣ ወታደሩንና ሙሽራውን፣ አንድ ሀብታም ደንበኛን ትቶ ሺህ ቤተሰቦችን መረጠ። መጀመሪያ በሸክላ ጭቃ ይሠራል፤ ከእርሱ የነሐስ ዋና ሞዴል ያስወጣል፤ ከነሐሱ ደግሞ በጄላቲን ቅርጽ ማውጫ ያዘጋጃል። ጄላቲን እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ፣ የተጠላለፉ እጆችና ጥልቅ እጥፋቶች ያሉበት ቅርጽ ሳይሰበር ከውስጡ ይወጣል። ቅርጽ ማውጫው ሲያረጅ ከነሐሱ ሌላ ይዘጋጃል። ቅጂዎቹ በግራጫና በቡናማ መካከል ባሉ ቀለማት በዘይት ቀለም ይቀባሉ፤ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ዋጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ በካታሎግ ታዝዘው ይላኩ ነበር። በዚህ መንገድ 80 ያህል ሥራዎች በድምሩ ወደ 80,000 በሚገመቱ ቅጂዎች ተሸጡ።

እነዚህ ቅርጾች ጌጥ ብቻ እንዳልነበሩ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1859 ሮጀርስ «የባሪያ ጨረታ» የተባለውን ሥራ አወጣ። ጨረታ አጫራቹ ከመድረኩ ላይ፣ ባሪያ የተደረገው አባት እጆቹን አጣምሮ ቀጥ ብሎ፣ እናቲቱ ሕፃኗን አቅፋ ይታያሉ። የኒውዮርክ ነጋዴዎች የደቡብ ደንበኞቻቸውን እንዳያስቀይሙ ፈርተው ቅርጹን በመደብራቸው ማስቀመጥ አልፈለጉም። ሮጀርስም አንድ ጥቁር ሰው ቀጥሮ ቅጂዎቹን እያዞረ እንዲሸጥለት አደረገ። የእርስ በርስ ጦርነቱ የተነሣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መደብሮቹ የፈሩት ጀሶውን አልነበረም፤ ጀሶው ወደ ስንት ቤት ሊገባ እንደሚችል ነበር።

ስለ ምዘና

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። አንድ ሰው ቅርጽ ይዞ ቢመጣና «ይህ ምን ያወጣል?» ቢላችሁ፣ ከገንዘቡ በፊት አራት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከምን ተሠራ?» የሚለው ነው። ጀሶ ከእብነ በረድ፣ ከሸክላ፣ ከሬዚንና ከተቀባ ብረት ጋር ይምታታል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ያለው ከታች ነው። ቅርጹን በለስላሳ ጨርቅ ላይ በጥንቃቄ አጋድሙትና መቀመጫውን ተመልከቱ። ቀለም ያልደረሰው ጀሶ ነጭ፣ ደብዛዛና ዱቄታም ነው፤ በማይታይ ቦታ በጥፍር ቢነካ ይጫራል። በጣት ኳኳ ሲደረግ እንደ ሸክላ አይጮኽም፣ ድምፁ የታፈነ ነው። ሬዚን ሲዳሰስ ከጀሶ ይልቅ ለብ ይላል፣ ሲላጥም ዱቄት አይሰጥም። የአየር አረፋ ቀዳዳዎችና የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ የተዋቸው ስስ መስመሮችም ምስክሮች ናቸው። ሬዚን መሆኑን ለመለየት የጋለ መርፌ የሚወጉ ሰዎች አሉ፤ ይህን አታድርጉ። ዕቃውን የሚጎዳ ምርመራ ምርመራ ሳይሆን ጉዳት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «የማን ነው? መቼስ ተሠራ?» የሚለው ነው። የሮጀርስ ሥራዎች ስሙን፣ ብዙ ጊዜም ኒውዮርክ የሚለውን አድራሻና የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ቀን በመቀመጫው ላይ ይይዛሉ። የካፕሮኒ ቅጂዎች ትንሽ የብረት ምልክት ሊኖራቸው ይችላል። በ1960ዎቹ በቺካጎ ይሠሩ የነበሩት የዩኒቨርሳል ስታቹዋሪ ቅርጾች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የድርጅቱን ስምና ዓመቱን በጀርባቸው ወይም በመቀመጫቸው ላይ ይዘዋል። ነገር ግን እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ጀሶ ያገኘውን ሁሉ ስለሚቀዳ ፊርማንም ይቀዳል። ከአሮጌ ቅጂ ላይ ዛሬ የተባዛ ቅጂ የ1870ን ቀን ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለው የቅጂ ቅጂ የሚታወቀው በደብዛዛነቱ ነው፤ የጸጉር መስመሮች ይደበዝዛሉ፣ የፊደላት ጠርዝ ይዶለዱማል። ስለዚህ ቀኑን ከማንበብ አስቀድማችሁ የፊደሉን ጠርዝ ተመልከቱ።

የተባዛ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ሮጀርስ በ1868 ያወጣው «የጦር ምክር» የተባለው ሥራ ፕሬዚዳንት ሊንከንን፣ ጄኔራል ግራንትንና የጦር ሚኒስትሩን ስታንተንን ያሳያል። የዚህ ሥራ ቅጂዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው ስታንተን መነጽሩን የያዘባቸው እጆቹ ባሉበት ቦታ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ መዛኝ አንደኛውን ቅጂ አይቶ ሌላውን «ተሰብሮ በስሕተት የተጠገነ ነው» ሊል ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ምን ደረሰበት?» ነው። ጀሶ ላይ ዋጋን ከሁሉ የሚወስነው የገጹ ሁኔታ ነው። የመጀመሪያው ቀለም አለ ወይስ ላዩ ላይ ተቀብቷል? የተጨመሩ ጣቶች አሉ? በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አሮጌና አዲስ ቀለም ብዙ ጊዜ በተለያየ ሁኔታ ያበራሉ፤ በዕለት ብርሃን አንድ የሚመስለው ፊት ተጠግኖ ከሆነ ልዩነቱ ይገለጣል። የላቦራቶሪ ምርመራ ማድረግ ከተቻለም ነጩ ቀለም ብዙ ይናገራል። ታይታኒየም ነጭ ለገበያ የበቃው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ወዲህ ስለ ሆነ፣ በ1870 ተቀባ በተባለ ቅርጽ ላይ ከተገኘ ገጹ በኋላ የተነካ ነው። ከውስጥ የሚወጣ ቡናማ ነጠብጣብ ደግሞ ለማጠናከሪያ የገባው ሽቦ መዛጉን ያመለክታል። ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ጀሶውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

አራተኛው ጥያቄ «ዋጋው ለማን ነው?» የሚል ነው። የገበያ ዋጋ አለ፤ እርሱ በፋሽን ይወጣል፣ በፋሽን ይወርዳል። በ1870ዎቹ በእያንዳንዱ የተከበረ ሳሎን ይፈለጉ የነበሩት የሮጀርስ ሥራዎች በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የሚያሳፍር አሮጌ ጣዕም ተብለው ወደ ጣሪያ ሥር ዕቃ ማከማቻ ገቡ። በሺዎች የተሸጠው ብርቅ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የበዛ ነገር የሚጠብቀው የለምና። የታሪክ ምስክርነት ዋጋም አለ፤ አንድ ሕዝብ በደመወዙ ገዝቶ በዐይኑ ፊት ያኖረው ምስል፣ ባለሥልጣን ካሠራው ሐውልት ያላነሰ ስለ ሕዝቡ ይናገራል። ሦስተኛው ለባለቤቱ ያለው ዋጋ ነው። መዛኝ ይህን በገንዘብ ሊጽፈው አይችልም፤ ነገር ግን ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

ስለ አጠባበቅ

ወደ ሦስተኛው ክፍል ስመጣ ዋናውን ሕግ አስቀድሜ ልናገር፤ ጀሶን አታጥቡ። በእርጥብ ጨርቅም አትወልውሉት። ቀደም ብዬ ልብ በሉልኝ ያልኋችሁ ሁለቱ ባሕርያት እዚህ ይገናኛሉ። ቀዳዳዎቹ ውኃውን ከነቆሻሻው ወደ ውስጥ ይመጥጣሉ፤ ገጹ መሟሟት ይጀምራል፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ጀሶ ሲለሰልስ ቀለሙ ይነሣል፤ ውኃው ወደ ውስጥ ዘልቆ ሽቦውን ያዝገዋል። ሲደርቅ ደግሞ ከውስጥ ያመጣውን እድፍ በገጹ ላይ ትቶት ይሄዳል።

አቧራ ለስላሳ በሆነ ደረቅ የጸጉር ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ይጠረጋል፤ ቀለሙ የሚላጥ ከሆነ ግን ብሩሽም አይነካው። ለጠነከረ እድፍ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ደረቅ የጎማ ስፖንጅ፣ ወይም ውኃውን አፍኖ በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅ የአጋር ጄል ይጠቀማሉ። ይህ ግን ልምምድ ይጠይቃል፤ በማይታይ ቦታ ሳይሞከር አይጀመርም። የቤት ማጽጃ ኬሚካል፣ በረኪናና ኮምጣጤ ፈጽሞ አይቅረቡት።

ቅርጹ ሲነሣ ሁለት እጅ ከመቀመጫው ሥር ይግባ። በክንድ፣ በራስ ወይም በጌጥ አይያዝ፤ ቀጭኑ ክፍል ሁልጊዜ ደካማው ነው። ከማንሣታችሁ በፊት የምታሳርፉበትን ቦታ አዘጋጁ። የሚቀመጥበት ክፍል እርጥበቱ የማይዋዥቅ፣ ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። ከውጭ ግድግዳ፣ ከመታጠቢያ ቤት፣ ከምድጃና በቀጥታ ከሚገባ ፀሐይ ይራቅ። ሲጠቀለል የጋዜጣ ወረቀት ገጹን አይንካው፣ ቀለሙ ይጋባልና። ጥብቅ ብሎ የታሸገ ፕላስቲክም እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያመጣል።

ቢሰበርስ? መጀመሪያ ምንም አታድርጉ። ፍርፋሪውን ሁሉ፣ ዱቄቱ ሳይቀር፣ ሰብስባችሁ በሣጥን አስቀምጡ፤ ፎቶግራፍ አንሡ። ስባሪዎቹን ይገጥሙ እንደ ሆነ ለማየት ደጋግማችሁ አታጋጥሙ፤ በየመፋተጉ ጠርዙ ያልቃል። በቤት የሚገኘው ፈጣን ሙጫ አንድ ጊዜ ከያዘ ወደ ቀዳዳዎቹ ዘልቆ ስለሚገባ ስሕተትን ለማረም ዕድል አይሰጥም። ባለሙያው በአሴቶን ሊፈታ የሚችለውን ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለ አክሪሊክ ሬዚን የሚመርጠው ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሌላ ባለሙያ ሥራውን መቀልበስ እንዲችል ነው። የጥገና ሥነ ምግባር በአጭሩ ይህ ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ነገ እንደሚመጣ አምኖ መሥራት።

ለጤናችሁም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተለመደ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግ፤ ብናኙ መርዝ ነው። ቀለሙ የሚላጥ ቅርጽም ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታ አይቀመጥ።

ከጨርቁ በታች ያለው

እነሆ አሁን ጨርቁን እገልጣለሁ።

ይህ የሮጀርስ በ1870 የወጣው «ወደ ቄሱ መምጣት» ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ በብዛት የተሸጠው ይህ ነው፤ ወደ 8,000 ገደማ ቅጂ እንደ ተሸጠ ይነገራል። አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ለመጋባት ወደ ቄሱ ቤት መጥተዋል። ቄሱ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ነው የደረሱበት። ወጣቱ አፍሮ፣ ሙሽራይቱ ዐይኗን ሰብራ ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር ውሻና ድመት ተፋጥጠዋል።

ቅርጹ የአክስቴ ነበር። አክስቴ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባለች ከተማ ሌሊት እየሠራች ትኖር ነበር። እኔ ለትምህርት ስሄድ ያረፍሁት በእርሷ ቤት ነው። ቅርጹን አንድ ቅዳሜ ከጎረቤት ደጃፍ፣ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን አውጥተው ሲሸጡ፣ በጥቂት ዶላር ገዝታው ነበር። ሮጀርስ ማን እንደ ሆነ አታውቅም። የገዛችበትን ምክንያት ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በማዘጋጃ ቤት ነው፤ ሽማግሌ የለ፣ ሚዜ የለ፣ እልልታ የለ። ልክ እንደነዚህ ነበር ቆመን የጠበቅነው።» ባለቤቷ ካረፈ ዓመታት አልፈው ነበር። የሠርጋቸው ቀን ፎቶግራፍ አልነበራቸውም።

እኔ በዚያን ጊዜ ስለ ቅርስ ጥበቃ የሁለት ወር ትምህርት ነበረኝ። ቅርጹ አቧራና ጭስ ጠግቦ ጠቁሯል። አክስቴ ሥራ ላይ ሳለች፣ ላስደስታት ብዬ፣ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በሳሙናና በብሩሽ አጠብሁት። መጀመሪያ የወጣው ውኃ ጥቁር ስለ ነበር ደስ አለኝ። ቀጥሎ የወጣው ግን ግራጫ ነበር፤ ግራጫው ቆሻሻ ሳይሆን የሮጀርስ ቀለም መሆኑ የገባኝ የሙሽራይቱ ፊት ነጭ ሆኖ ሲወጣ ነው። የድመቷ ጆሮ በብሩሹ ሥር ለሰለሰ። በማግስቱ ከወጣቱ ክንድ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ወጣ። እኔም ስሕተቴን ለመሸፈን ሌላ ስሕተት ጨመርሁ፤ የተረፈ የግድግዳ ቀለም አግኝቼ ሁሉን ነጭ ቀባሁት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚሉት አበው እንዲህ ያለውን ተማሪ አይተው ነው።

አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ቅርጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። አልተቆጣችም። «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ ደክመሃል» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «ጸድተዋል፤ ግን እነርሱ አይደሉም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅርጹ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተነሥቶ ከአልጋዋ ራስጌ ባለው ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ለምን እንዳዛወረችው አልጠየቅኋትም። ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ቅርጹን ግን ለእኔ ትታልኛለች።

ከዓመታት በኋላ ሙያውን ከተማርሁ ወዲህ የግድግዳውን ቀለም በማጉያ መነጽር ሥር ጥቂት በጥቂት አንሥቻለሁ። እነሆ፣ በቄሱ ልብስ እጥፋት ውስጥና ከወንበሩ በታች፣ ብሩሼ ባልደረሰበት ቦታ፣ የመጀመሪያው ቀለም ይታያል። በሙሽራይቱ ፊት ላይ ግን የለም። ፊቷን መልሼ መቀባት እችል ነበር፤ ቀለሙን መሥራት አያቅተኝም። ያልቀባሁት የእኔ ፊት እንጂ የእርሷ ፊት ስለማይሆን ነው። ከጥገናው መዝገብ ላይም ያጠበውን ሰው ስም ጽፌአለሁ።

ይህን ቅርጽ ለሽያጭ ባቀርበው መዛኝ ዝቅተኛውን ዋጋ ይሰጠዋል፤ ትክክልም ነው፣ እኔም እርሱን ብሆን ያንኑ እሰጠው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች አንጻር ወድቋል። ከአራተኛው ጥያቄ አንጻር ግን፣ «ለማን?» ከሚለው አንጻር፣ እኔ በዚያን ቀን ጥያቄውን ብጠይቅ ኖሮ አልነካውም ነበር። ለአክስቴ ጥቁረቱ ቆሻሻ አልነበረም። በዚያ ጥቁረት ውስጥ ሁለት ሰዎችን ታውቃቸው ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ወደየቤታችሁ፣ ወደየትምህርት ቤቱና ወደየቢሮው ስትሄዱ በየመደርደሪያው ላይ የተረሱ የጀሶ ቅርጾች ታገኙ ይሆናል፤ የመማሪያ ራሶች፣ የተባዙ ቅዱሳን፣ የአንበሳና የፈረስ ጌጦች። «ቅጂ ነው፣ ይጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። የማሳስባችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ከመጣሉ በፊት ፎቶግራፍ አንሡት፤ መቀመጫውን ገልብጣችሁ ጽሑፉን መዝግቡ፤ ማን እንዳመጣውና የት እንደ ቆመ የሚያስታውስ ሰው ካለ ጠይቃችሁ ጻፉ። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ለማየት የሚሰለፍ ጎብኚ በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ያ ቅጂ የስንቱን ሕፃን የዕውቀት ፍላጎት እንደ ቀሰቀሰ አስቡ። ቅጂ መሆን ከንቱ መሆን አይደለም።

ስታጸዱትም ደረቅ ብሩሽ ያዙ፤ ከብሩሹም በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

ቅርጹን ቀርባችሁ ለማየት ለምትፈልጉ ጠረጴዛው ክፍት ነው፤ ነገር ግን እባካችሁ በዐይን ብቻ።